ክሬሙ መጨረሻ ነው፦ በሜታምፌታሚን የተጎዳ ቆዳን ደረጃ በደረጃ ማከም

«ፊቴን የሚያጠራልኝ ክሬም የትኛው ነው?»

ይህን ስንት ጊዜ እንደተጠየቅኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ጠያቂው አንዳንዴ ራሱ ተጠቃሚው ነው። አንዳንዴ እህት ወይም እናት ናት። አንዳንዴ ደግሞ ካቆመ ወራት የተቆጠሩለት ሰው ነው። ሜታምፌታሚን (ሜት፣ አይስ፣ ክሪስታል እያሉ የሚጠሩት) ፊትን፣ ክንድን ወይም እግርን አበላሽቶት ይሄዳል፤ ሰውየውም መስተዋት ይጠላል።

መልሴ ሁሌም ያበሳጫቸዋል፤ ክሬሙ መጨረሻ ነው። ክፍት ቁስል ላይ የሚያጠራ ክሬም ብትቀቡ የምታተርፉት ማቃጠል ብቻ ነው። መጀመሪያ እጅ ያርፋል፣ ቀጥሎ ቁስሉ ይዘጋል፣ መልክ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሌ በቃል የምደጋግመውን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። አሁንም እየተጠቀማችሁ ከሆነ ማንበብ አታቁሙ። ከደረጃ 1 እስከ 7 ያለው ለእናንተም ይሠራል።

ቆዳው ለምን እንዲህ ይሆናል?

ሜት የደም ሥሮችን ያጠባል። ሥሩ ሲጠብ ወደ ቆዳ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ከደሙ ጋር የሚመጣው ኦክስጅንና ምግብም ያንሳል። ስለዚህ ሌላ ሰው ላይ በሳምንት የሚድን ጭረት እዚህ ለሳምንታት ይጎተታል። በዚያ ላይ እንቅልፍ የለም፣ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ውሃ መጠጣት ይረሳል። ላብ ይበዛል፣ ቆዳው ግን ይደርቃል።

ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ግን ከእጅ ነው። ሜት አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። መጠኑ ሲበዛና እንቅልፍ ሲጠፋ ከቆዳ ሥር ነፍሳት የሚርመሰመሱ ይመስላል። ሰውየው ሊያወጣቸው ይቧጭራል፣ ይፈለፍላል፣ ሳያውቀው ይነጋል። ቁስሎቹ የሚበዙት ፊት፣ ክንድ፣ ደረትና ጭን ላይ የሆነው ለዚህ ነው። እጅ የማይደርስበት የጀርባ መካከል ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው።

በመርፌ የሚወስዱት ላይ ደግሞ ጀርም ከመርፌው ጋር ቆዳ ሥር ይገባል። የሚያጨሱት ላይ የጋለው ፓይፕ ከንፈርና ጣት ያቃጥላል።

⚠ ቤት የማይታከሙ

ከታች ካሉት አንዱ ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ነገ ይሻለው ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ።

- ትኩሳት 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ መንቀጥቀጥ
- ከቁስሉ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር፣ ወይም በሰዓታት ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ መቅላትና እብጠት (በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ወይን ጠጅ ወይም ጠቆር ያለ ሊመስል ይችላል፤ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ጀርባ ዳስሱ)
- ቁስሉ ከሚመስለው እጅግ የበለጠ ሕመም። ይህን በተለይ አትናቁት። ሥጋን በፍጥነት የሚበላ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው
- ወደ ጥቁር ወይም ሐምራዊ የተለወጠ ቆዳ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት፣ ሲነኩት ከውስጥ የሚንኮሻኮሽ ቆዳ
- ዓይን አካባቢ ያለ እብጠት፣ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ሆኖ ማጠፍ የሚከለክል
- ብሽሽት ወይም አንገት ላይ እንደ ልብ የሚመታ እብጠት። የደም ቧንቧ ሊሆን ስለሚችል ማንም እንዳይበሳው
- ግራ መጋባት፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር

ማዘጋጀት ያለባችሁ

- ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና ወይም የፊት መታጠቢያ
- ንጹሕ ውሃ (ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ለቁስልም ይሆናል)
- ቫዝሊን፤ ሽታ ያልተጨመረበት ተራው
- ቁስል ላይ የማይጣበቅ ጎዝ፣ ፋሻ፣ የወረቀት ፕላስተር
- ለትናንሽ ቁስሎች ሃይድሮኮሎይድ ፕላስተር (የቁስሉን እርጥበት የሚይዝ ጄል ያለበት)፣ ከተገኘ
- የጥፍር መቁረጫና ሞረድ
- ቀጭን የጥጥ ጓንት፣ ለሌሊት
- ሽታ የሌለው የቆዳ ማለስለሻ
- እስክሪብቶ። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 5 ላይ ታያላችሁ
- ቁስሉ ከዳነ በኋላ፦ የመከላከያ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ

ደረጃ 1፦ ምን እንዳለባችሁ ለዩ

በቂ ብርሃን ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ ቆዳችሁን ተመልከቱ። ከተቻለ ሌላ ሰው ይይላችሁ። ረጅም ጊዜ ማየት መፈልፈልን ይጋብዛል።

ጥልቀት የሌለው፣ ቅርፊት የያዘና ዳሩ የተቧጨረ ከሆነ የመፈልፈል ቁስል ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ሂዱ። ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ካለውና ወደ ጎን እየተዛመተ ከሆነ ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ጤና ባለሙያ የሚያዘው አንቲባዮቲክ ይፈልጋል። ጠንካራ፣ ትኩስና የሚያም እብጠት ከሆነ መግል ሊሆን ይችላል፤ ደረጃ 5ን እዩ። ቃጠሎ ከሆነ ደረጃ 6።

እዚህ ላይ እከክን አትርሱ። እከክ በእውነተኛ ጥቃቅን ተባይ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ሜት የሚጠቀም ሰውንም ይይዛል። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በወገብ ዙሪያ የሚያሳክክ፣ ሌሊት የሚብስ፣ አብረዋችሁ የሚኖሩትንም የሚያሳክካቸው ከሆነ ተመርመሩ። ፐርሜትሪን 5% የተባለው ክሬም ያድነዋል። የቤቱ ሰው በሙሉ በአንድ ቀን ካልታከመ ግን ዞሮ ይመለሳል።

ደረጃ 2፦ እጅን አሳርፉ

ይህ ደረጃ ካልተያዘ የተቀሩት ውሃ በወንፊት ናቸው። የተሻለው ጎዝ በሌሊት ጥፍር ከተላጠ ምንም አልሠራም። ስለዚህ እዚህ ጋ ቆም እላለሁ።

ጥፍራችሁን ከሥር ቁረጡ፤ ከዚያ ሞርዱት። የተቆረጠ ጥፍር ጠርዙ ስለት ነው፤ ሞረዱ ነው የሚያዶለዱመው። ወረንጦ፣ መርፌ፣ ስፒል፣ የሚያጎላ መስተዋት ከመኝታና ከመታጠቢያ ክፍል ይውጡ። «አልነካውም፣ እዚያው ይቀመጥ» አይሠራም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለው እናንተ ሌላ ሰው ነው።

ቁስሉን ሸፍኑት። ሽፋኑ ከጀርም ከሚከላከለው ያላነሰ ከጥፍር ይከላከላል። ጣት ቅርፊት ፍለጋ ሲሄድ ፕላስተር ያገኛል፤ በዚያች ቅጽበት «ምን እያደረግኩ ነው?» ብሎ መንቃት ይመጣል። ሌሊት የጥጥ ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሱ።

የመርመስመስ ስሜቱ ሲመጣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያዙበት። ቅዝቃዜው የማሳከክ መልእክቱን ያደበዝዘዋል። ከዚያ ማለስለሻ ቀቡ፣ ለእጃችሁም ሥራ ስጡት፦ ጨርቅ መጠምዘዝ፣ ኳስ መጭመቅ፣ ዕቃ ማጠብ። የአለርጂ ክኒን ብዙ ሰው ይሞክራል። ስሜቱ የሚነሳው ከነርቭና ከአንጎል ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይበግረውም።

ደረቅ ቆዳ ራሱ ያሳክካል። ለብ ባለ ውሃ ከ10 ደቂቃ ላልበለጠ ታጠቡ፤ ቆዳው እርጥበቱ ሳይለቀው ወዲያው ማለስለሻ ቀቡ። ሙቅ ውሃ በዚያች ሰዓት ያስደስታል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ማሳከኩን አባብሶ ይመልሰዋል።

ለቤተሰብ አንድ ነገር ልበል። የቆዳ ፍርፋሪ በፕላስቲክ ጠቅልለው «ነፍሳቱ እነዚህ ናቸው» ብለው የሚያመጡልኝ አሉ። በማጉያ አብረን እናያለን፤ ክር፣ ቅርፊት፣ ፀጉር ነው። አልስቅም፤ አልከራከርምም። «ምንም የለም፣ አብደሃል» ብትሉት ሰውየው ደብቆ መፈልፈል ይጀምራል። «አዎ፣ እኔም አየሁት» ማለት ደግሞ ያባብሳል። «እንዳሳከከህ ይገባኛል፤ ና እናቀዝቅዘው» ማለት ይበቃል። ስሜቱ አብዛኛውን ጊዜ ሜቱ ሲቆምና እንቅልፍ ሲገኝ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ካልቀነሰ፣ ወይም ሰው የሌለበት ድምፅ ከተሰማ፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መድኃኒት አለው።

⚠ ነፍሳቱን ለመግደል ተብሎ ፀረ ተባይ፣ በረኪና፣ ጋዝ ወይም ቤንዚን ቆዳ ላይ አይደረግም። ቆዳን ያቃጥላል፤ መርዙም በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል።

ደረጃ 3፦ እጠቡ

1. እጃችሁን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ታጠቡ። ከቁስሉ በፊት የሚታጠበው እጅ ነው።
2. አሮጌው ጎዝ ከተጣበቀ አትንጠቁት። ውሃ አፍስሱበትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሥራ ስጀምር አካባቢ ደረቅ ጎዝ ባንዴ ነጥቄ ሰውየውን አስጩኼዋለሁ፤ የተነጠቀው ደግሞ ለቀናት የበቀለ አዲስ ቆዳ ነበር።
3. ቁስሉ ላይ ንጹሕ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ አውርዱ። ለብ ያለ ይሁን።
4. ሳሙናውን በዙሪያው ባለው ቆዳ ላይ ተጠቀሙ፤ ቁስሉን ውስጥ አትፈትጉ።
5. በንጹሕ ጨርቅ ወይም ጎዝ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁ።

አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድስ? ተዉት። ሲያቃጥል «እየሠራ ነው» ይባላል። የሚያቃጥለው ግን ጀርሙን ብቻ አይደለም፤ ቁስሉን ሊዘጉ የመጡትን አዳዲስ ሕዋሳትም ይገድላል። ደም በደንብ የማይደርሰው ቆዳ ላይ ያ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ደረጃ 4፦ አርጥቡና ሸፍኑ

«ቁስል አየር ያግኝ፣ ይድረቅ» የሚለው ምክር በየቤቱ አለ። የሚሠራው ግን ተቃራኒው ነው። አዲስ የቆዳ ሕዋስ ከቁስሉ ዳር ተነሥቶ ወደ መካከል እየተሳበ ነው ክፍተቱን የሚዘጋው። እርጥብ ገጽ ላይ በቀላሉ ይንሸራተታል። ደረቅ ቅርፊት ካለ ግን ከሥሩ መሿለኪያ መፈለግ አለበት። ይዘገያል፤ ጠባሳውም ይብሳል። ደረቅ ቅርፊት ጣትን የሚጠራ ነገር መሆኑን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ።

1. ቫዝሊኑን በንጹሕ ማንኪያ ወይም በጥጥ እንጨት አውጡ። ጣት እየከተታችሁ ካወጣችሁ ጀርሙ ዕቃው ውስጥ ቤት ይሠራል።
2. ስስ አድርጋችሁ ቁስሉን ሙሉ ለሙሉ ቀቡ።
3. የማይጣበቀውን ጎዝ አድርጉና በወረቀት ፕላስተር ያዙት። ፊት ላይ ላሉ ትናንሽ ቁስሎች ሃይድሮኮሎይድ ፕላስተር ይሻላል፤ ለቀናት ሊቆይ ይችላል፣ ለመፈልፈልም አይመችም። መግል ያለበት ቁስል ላይ ግን አታድርጉት።
4. ጎዙን በቀን አንድ ጊዜ ቀይሩ፤ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ወዲያው።

ጥልቀት የሌለው ቁስል በዚህ አያያዝ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ሁለት ሳምንት አልፎ ምንም ለውጥ ከሌለ ይታይ። የአንቲባዮቲክ ቅባት ለእያንዳንዱ ቁስል አያስፈልግም። ኒኦማይሲን ያለበት በተለይ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ ቀይና የሚያሳክክ ሽፍታ ሲወጣ ሰው ቁስሉ የባሰ ይመስለውና ጨምሮ ይቀባል።

ደረጃ 5፦ መግልና የመርፌ ቦታ

እብጠቱ ገና ትንሽና ጠንካራ ከሆነ በሙቅ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ለ10–15 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ያዙበት። ሙቀቱ የጠበበውን የደም ሥር ያሰፋል፤ ተዋጊ ሕዋሳት ወደ ቦታው ይደርሳሉ።

አሁን እስክሪብቶውን አምጡ። የቀላውን ወይም ያበጠውን ቦታ ዳር ተከትላችሁ መስመር አስምሩ፣ ሰዓቱንም ጻፉበት። ከሰዓታት በኋላ መቅላቱ መስመሩን አልፎ ከወጣ እየተዛመተ ነው፤ ያኔ የሚከራከር የለም፣ ሐኪም ዘንድ ነው። ዓይን ያታልላል፤ መስመር አያታልልም። በ48 ሰዓት ውስጥ ካልቀነሰም እንደዚያው።

አትጭመቁት፣ አትብሱት። ከላይ ስትጭመቁ መግሉ ወደ ውጭ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ውስጥም ይገፋል። ከአፍንጫና ከላይኛው ከንፈር አካባቢ ደግሞ ኢንፌክሽን ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ አለ፤ እዚያ ፈጽሞ አትጭመቁ። የተቋጠረ መግል በግድግዳ የታጠረ ስለሆነ ክኒን በደንብ አይገባበትም፤ ብዙ ጊዜ የሚያድነው ተከፍቶ መፍሰሱ ነው። ይህን ንጹሕ መሣሪያ ያለው ባለሙያ በማደንዘዣ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ከሌላ ሰው የተረፈ አንቲባዮቲክ አትዋጡ። የታዘዘላችሁን ደግሞ እስከ መጨረሻው ጨርሱ።

በመርፌ መጠቀሙ ገና ካልቀረ፦ በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ መርፌ፤ መርፌም ሆነ ሌላ ዕቃ መጋራት የለም፤ ቆዳውን አስቀድሞ በአልኮል ጥጥ መጥረግ (እዚህ አልኮል ቦታው ነው፣ ቆዳው ክፍት ስላልሆነ)፤ ባበጠና በሚያም ቦታ ላይ ፈጽሞ አለመውጋት። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ ተመርመሩ። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለው።

የቴታነስ ክትባትንም ጠይቁ። ቁስሉ የቆሸሸ ወይም ጥልቅ ከሆነና የመጨረሻውን ከወሰዳችሁ 5 ዓመት ካለፈ መድገም ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ የፓይፕ ቃጠሎ

በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያዙት። ከተቃጠለ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ይህን ማድረግ ይጠቅማል፤ ሙቀቱ ከቆዳው ሥር መሥራቱን ስለሚቀጥል። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዘይት አይደረግም። ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡት፤ ከሱ የተሻለ ፕላስተር የለም። ከንፈር ላይ ቫዝሊን ደጋግማችሁ ቀቡ፤ በምላስ ማራስ ያደርቀዋል። የተቃጠለው ከመዳፋችሁ ከሰፋ፣ ወይም ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ ሲነኩት የማይሰማ ከሆነ ወደ ሕክምና ሂዱ።

የቆሰለና የተሰነጠቀ ከንፈር በጋራ ፓይፕ በኩል በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። ፓይፕ አትጋሩ።

ደረጃ 7፦ ከውስጥ የሚሠራው

ቆዳ የሚጠገነው ከፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ጥራጥሬ፤ የቀናችሁን። አትክልትና ፍራፍሬ ቫይታሚን ሲ ይጨምራሉ፤ ያለ እሱ ጠባሳን የሚያጠነክረው ኮላጅን አይሠራም። ምግብ አልገባ ካለ በትንሽ በትንሹ፣ በየሦስት ሰዓቱ ሞክሩ። ውሃ ጠጡ። ሲጋራም የደም ሥር ያጠባል፤ ሜቱን ትተው ሲጋራውን በእጥፍ የጨመሩ ሰዎች ቁስላቸው ለምን እንደዘገየ ይገርማቸዋል።

ሜቱ ሲቆም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ እንቅልፍ፣ ብርቱ ረሃብና ድብርት ይመጣሉ። እንቅልፉን አትቀስቅሱት፤ ቆዳው የሚጠገነው ያኔ ነው። ድብርቱ ግን ቀልድ አይደለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ያን ሰው ብቻውን አትተዉት፤ ይህም ድንገተኛ ሕክምና ነው። ለሜት ተብሎ የጸደቀ ልዩ ክኒን እስካሁን የለም። የሚሠራው የምክር ሕክምናና ሳይጠቀሙ ለቆዩባቸው ቀናት ሽልማት የሚሰጥ የሕክምና ፕሮግራም ነው።

ደረጃ 8፦ ጥቁር ምልክቱ

አሁን ክሬሙ ጋ ደረስን። መለኪያው ይኸውላችሁ፦ ቅርፊት የለም፣ እርጥበት የለም፣ ስትነኩት አያምም። ይህ ለሁለት ሳምንት ያህል ከቆየ መጀመር ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የፀሐይ መከላከያ። ቁስል የነበረበት ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ ይጠቁራል። ያለሱ ሌላው ክሬም ባንድ በኩል ሲያጠራ ፀሐይ በሌላው ታጠቁረዋለች። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ያህል አውጡ፤ ውጭ ከሆናችሁ በየ2 ሰዓቱ ድገሙ። ቀለም ያለውና አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ይሻላል፤ ቆዳን የሚያጠቁረውን የሚታይ ብርሃንም ስለሚከለክል።

ከዚያ አንድ ክሬም ምረጡ። አንድ ብቻ። ኒያሲናማይድ ወይም አዜላይክ አሲድ ለስለስ ያሉ ናቸው። አዳፓሊን ብጉርም ላለበት ይጠቅማል፤ በማታ ብቻ፣ በየሁለት ቀኑ ተጀምሮ፣ ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም። ፊት ሙሉ ከመቀባታችሁ በፊት ከክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለ3 ቀን ሞክሩት። ካበሳጨ ተዉት፤ የተቆጣ ቆዳ ሌላ ጥቁር ምልክት ይወልዳል።

ሃይድሮኪኖን ይሠራል፤ ግን በሐኪም ትእዛዝና ለተወሰኑ ወራት ብቻ። ሲረዝም ቆዳውን መልሶ ሰማያዊ ጥቁር ሊያደርገው ይችላል፤ ያ ደግሞ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው።

⚠ በሳምንት ያነጣል የሚባል፣ ይዘቱ ያልተጻፈበት ክሬም አትግዙ። እንዲህ ባሉት ውስጥ ብርቱ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖር ይችላል። ስቴሮይዱ ቆዳ ያሳሳል፣ ብጉር ያፈላል። ሜርኩሪው ኩላሊት ይጎዳል። በሜት የሳሳ ቆዳ ላይ ይህን መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

የሚታይ ለውጥ ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል። ጥልቅ የሆነው ከዚያም ያልፋል። በየቀኑ በመስተዋት አትመርምሩ፤ በየ4 ሳምንቱ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ፎቶ አንሡ።

ደረጃ 9፦ ጠባሳ

ከፍ ብሎ ለወጣ ጠባሳ የሲሊኮን ጄል ወይም የሲሊኮን ልጣፍ አለ። ልጣፉ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለ2–3 ወር መቀመጥ አለበት። «ሳምንት አድርጌ አልሠራልኝም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ ሳምንት ምንም አይደለም። ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ እያደገ ከሄደ ኬሎይድ ነው፤ የቆዳ ሐኪም ውስጡ ስቴሮይድ በመርፌ ይሰጣል። ኬሎይድን ማስቆረጥ ብቻውን ብዙ ጊዜ ከበፊቱ አስበልጦ ይመልሰዋል።

ለጎደጎደ ጠባሳ ሌዘርና ማይክሮኒድሊንግ (ቆዳን በጥቃቅን መርፌዎች መውጋት) አሉ። መፈልፈሉ ለወራት ካልቆመ ግን አትጀምሩ። ሕክምናው ራሱ ጥቃቅን ቁስል እየፈጠረ ነው የሚሠራው፤ ጥፍር ካልታረቀ አዲስ ጠባሳ ከፍላችሁ ትገዛላችሁ። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ልምድ ያለው ባለሙያ ፈልጉ፤ ሌዘር በተሳሳተ እጅ ራሱ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጠባሳ ደግሞ ከዓመት በላይ በራሱ መለስለሱን ስለሚቀጥል መቸኮል አያዋጣም።

የማያቸው ስህተቶች

- ዘጠኝ ነገር በአንድ ጊዜ መቀባት። የቱ እንደጠቀመ፣ የቱ እንዳቃጠለ አይታወቅም።
- ፊትን በሻካራ ጨርቅ ወይም በስክራብ መፈተግ። «ቆሻሻው ይውጣ» ይሉታል። ቆሻሻ የለም፤ ቁስል ነው ያለው።
- የቁስል ቅርፊት ላይ ፋውንዴሽን መቀባት። መሸፈን ካስፈለገ ከላዩ ሃይድሮኮሎይድ ፕላስተር ይለጠፍ።
- ፎጣ፣ ምላጭና ወረንጦ መጋራት። ፎጣውን ለብቻ ያዙ፣ በሙቅ ውሃ እጠቡት፤ የትራስ ልብስም በየጥቂት ቀኑ ይቀየር።
- አንድ ቀን ተፈለፈለ ብሎ ሁሉንም መተው። የተፈለፈለውን እጠቡ፣ ቫዝሊን ቀቡ፣ ሸፍኑ፤ ደረጃ 3 ላይ ናችሁ ማለት ነው።
- ሐኪምን መዋሸት። ይህኛው ከሁሉም አደገኛው ነው። አንዳንድ ማደንዘዣ አድሬናሊን አለበት፤ በቅርቡ ሜት ከወሰደ ሰው ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትና የልብ ምት ሊያስፈነጥር ይችላል። ስለዚህ እብጠቱ ከመከፈቱ በፊት ሦስት ነገር ተናገሩ፦ ምን እንደወሰዳችሁ፣ በምን መንገድ፣ መጨረሻ የወሰዳችሁት መቼ እንደሆነ። መናገሩ ከከበዳችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡ። እኔም እንዲህ ዓይነት ወረቀት ብዙ ተቀብያለሁ፤ አንብቤ ወደ ጎዙ እመለሳለሁ።